ቁጥር አራት

ብራየኒ አልሶፕ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ካመጣች በኋላ «ከመግባቴ በፊት አንድ ዓመት ልቆይ» ስትል አባቷ ክላይቭ ከት ብሎ ሳቀባት።

«እኔ ያንቺን ዕድሜ ሳክል ብስኩት ፋብሪካ ሁለት ዓመት ሠርቼ ነበር» አላት። «አንቺ ግን ተኚ፣ የኔ እመቤት!»

መቼ ተኛች! በእንግሊዝ አገር፣ በስታፎርድሺር፣ ያችን ትንሽ ከተማቸውን የሚያቋርጥ የጀልባ መሄጃ ቦይ አለ። እዚያ ሚስተር ኦለርተን የሚባሉ ሽማግሌ፣ ሞተሩ ከሞተ አሥር ዓመት ያለፈው ጀልባ ነበራቸው። ብራየኒ ሞተሩን ልጠግነው ብላ ገባችበት። የፈታችውን ብሎን፣ የተሳሳተችውን ሁሉ አረንጓዴ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ማምሻውን ቤት ገብታ እራት ትሠራለች፣ የአባቷን ባለ ቀይ ክዳን የምሳ ዕቃ ታጥባለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ይህ የእሷ ድርሻ ነው።

የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር። የከተማው ፓምፕ ፋብሪካ በየመስከረሙ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ይቀጥራል። ያ ሰው ደሞዝ እየበላ፣ በፋብሪካው ወጪ፣ በአራት ዓመት የምሕንድስና ዲግሪ ይይዛል።

ማስታወቂያውን ያሳየቻት አብሮ አደጓ ታምዚን ናት። እሷም ልታመለክት ነው።

«ስምና ዕድሜ አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ ነው ይላል። እንዳያዳሉ መሆኑ ነው» አለች ታምዚን ከስልኳ ላይ እያነበበች። «ጉድ ፈላ! የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ሊመጣብን ነዋ!»

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ከገና በኋላ ክላይቭ ለዘብ አለ። ዓርብ ዓርብ ከሚሠራበት ብስኩት ፋብሪካ የሚያመጣው ስብርባሪ ቀረ፤ አዲሱ አለቃ ከለከለ አለ። ጠዋት ጠዋት እንደ ወትሮው የምሳ ዕቃውን ይዞ ይወጣል። ማምሻውን ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሒሳብ አብሯት ይሠራል።

«አባዬ፣ ምን ነካህ?»

«ልጄ አይደለሽም እንዴ? እስቲ የሞተሩን ነገር ንገሪኝ። ቀስ ብለሽ፣ ከመጀመሪያው።»

ብራየኒ ደስ አላት። እንዲህ አቅርቧት አያውቅም።

መጋቢት ላይ ሞተሩ ተነሣ። ሚስተር ኦለርተን አለቀሱ፤ በሁለተኛው ሳምንት ሞቱ።

ሚያዝያ ላይ ደብተሩ ጠፋ። ታምዚን እነሱ ቤት አምሽታ በሄደች ማግሥት ነው። ታምዚን ተመልሳ በመጣች ዕለት ደግሞ ሶፋው ሥር ተገኘ።

«እዚህ ጋ እኮ ሁለቴ ፈልጌያለሁ» አለች ብራየኒ።

«ማን መጥቶ እንደሄደ አስቢ» አላት ክላይቭ። ሌላ አልጨመረም።

ሰኔ ላይ ብራየኒ፣ ቁጥር ሰባት፣ ሦስት ጠያቂዎች ፊት ቀረበች። ዓመቱን በምን እንዳሳለፈች ጠየቋት። ስለ ጀልባው መናገር ስትጀምር ሦስቱም ተያዩ።

«ይህን ጠዋት ከቁጥር አራት ሰምተነዋል» አለች መነጽር ያደረገችው ሴትዮ። «ሞተሩንም፣ ሽማግሌውንም፣ የዛገውን ቧንቧም።»

«የኔ ነው! እግዜር ያውቃል፣ የኔ ነው! ይኸው ደብተሬ!»

«ደብተርማ ቁጥር አራትም አሳይቶናል። በሰው ታሪክ ባትመጪ ጥሩ ነበር።»

ብራየኒ እንባዋን ሳትጠርግ ታምዚን ወደምትሠራበት የዓሣ ጥብስ ቤት በረረች። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

«ሌባ!»

«ምን አደረግሁ?»

«ታሪኬን ሸጥሽው! ቁጥር አራት አንቺ ነሽ!»

«እናቴ ትሙት፣ ብራየኒ፣ እኔ ግንቦት ላይ ትቼዋለሁ! ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ነው። ቦታው ላንቺ እንዲቀር ብዬ ነው እኮ…»

«ውሸታም!»

ብራየኒ ከባንኮኒው ላይ የኮምጣጤውን ጠርሙስ አንሥታ ታምዚን ዓይን ውስጥ ደፋችው። የታምዚን ጩኸት እስከ ቦዩ ድረስ ተሰማ። ከዚያ ቀን ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም፤ የታምዚን ግራ ዓይንም ደኅና ሆኖ አያውቅም።

ክላይቭ ነገሩን ሲሰማ የልጁን ራስ ደባበሰ።

«አበጀሽ! ሌላ ማን ያውቅ ነበርና?»

ሐምሌ ላይ ደብዳቤው መጣ። ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል፤ ለወደፊቱ መልካም ዕድል ይላል።

የመስከረም የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ብራየኒ ማልዳ ተነሣች። ክላይቭ ዛሬ በጊዜ ይፈልጉኛል ብሎ ቀድሟት ወጥቷል። ፓምፕ ፋብሪካው በር ፊት ለፊት ካለው አጥር ሥር ቆመች። ታምዚን ስትገባ በሰው ሁሉ ፊት ልታዋርዳት ነው፤ የምትለውን ስታጠና አድራለች።

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ።

አንድ ሰው ብቻ ወረደ፤ አዲስ ሰማያዊ ቱታ ለብሷል፤ በእጁ ትናንት ማምሻውን ራሷ አጥባ ያደረቀችውን ባለ ቀይ ክዳን የምሳ ዕቃ ይዟል።