የብስኩቱ ቆርቆሮ

«ደብተር ባይኖርሽም ዓይን አለሽ፤ ሰው አንብቢ» አለቻት እናቷ፣ ከአራተኛ ክፍል ባስወጣቻት ቀን።

ማሪሴላ አሁን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ኔብራስካ ውስጥ፣ የሥጋ ፋብሪካ ባለባት ከተማ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ሴት ልጇን ታቅፋ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት እንግሊዝኛ ትማራለች። ተማሪዎቹ ሰባት ናቸው።

አስተማሪዋ ሚስስ ዳርሊን ጀርባዋን ለግድግዳው፣ ፊቷን ለበሩ ሰጥታ ትቀመጣለች። የምታስተምረው ከግስ ኋላ እየተለጠፉ ትርጉሙን የሚገለባብጡትን ትንንሽ ቃላት ነው።

«‹ተርን› መዞር ነው። ‹ተርን አፕ› ግን ሳይጠሩት ከተፍ ማለት። ከመጽሐፍ አትቅዱ፣ ከኑሯችሁ አምጡ።»

በሳምንቱ ግስ ሁሉም የደረሰበትን እውነተኛ ነገር ብጣሽ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ስም የለም፤ ፊደሉ ሁሉ ትልልቅ። ብጣሹ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል፤ ሚስስ ዳርሊን እያወጣች ታነባለች፣ ስህተቱን በቀይ ታርማለች።

«አማቴ እሑድ ከተፍ አለች፤ እስካሁን አልሄደችም።» ተሳቀ።

«ሥራ ቦታዬ ድረስ ከተፍ አለ። ሰው እንዳያውቅብኝ ፈገግ አልኩለት።» ማንም አልሳቀም።

በሳምንቱ ‹ፋይንድ አውት› ነበር፤ የተደበቀ ነገር ላይ መድረስ። «ልሄድ እንዳሰብኩ ከደረሰበት አለቀልኝ።»

ሥጋ ቆራጩ ኦስቫልዶ አንገቱን አሰገገ። «እንዲህ ያለችዋ ብጣሽ ሁልጊዜ ቀይ አይነካትም። ከመካከላችሁ የሚኮርጀው ማነው?»

«አንተ አርፈህ ተቀመጥ» አለችው ማሪሴላ።

ዓይኗ ግን ሃሊና ላይ ነበር። ሃሊና አገሯ ዩክሬን ሳለች መምህርት ነበረች። በሰኔ ሙቀት አንገቷን በሻሽ ትጠመጥማለች። ባሏም መኪናውን ሳያጠፋ ደጅ ይጠብቃታል።

‹ብሬክ ዳውን› መጣ፤ ሰብሮ መጣል። «ትናንት የመኝታ ቤቱን በር ገነጠለው።»

ማሪሴላን አላስችል አላት። ሃሊናን እጅ መታጠቢያው ጋ ያዘቻት።

«እህቴ፣ ባልሽ ይመታሻል?»

ሃሊና አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ እየሳቀች ሻሿን ፈታች። ጉሮሮዋ ላይ አሮጌ ስፌት አለ።

«እንቅርቴን ያወጡበት ነው። ባሌ ቫሲልማ አይጥ ሲያይ ወንበር ላይ የሚወጣ ሰው ነው።»

«ታዲያ ለምን አይገባም?»

«እንግሊዝኛውን ፈርቶ ነዋ።»

ማሪሴላ አላመነቻትም። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የላትም፤ ልጇን እያጠባች ጆሮዋ ደጅ ነው።

በማክሰኞው ሃሊና ቀረች። መኪናውም የለም። ማሪሴላ ወጥታ መንገዱን አየች።

«ሐኪም ቤት ቀጠሮ አላት፤ ባሏ ነው የወሰዳት» አለ ኦስቫልዶ። ማሪሴላን ይህም አላረጋጋትም።

የዕለቱ ግስ ‹ፑት አፕ› ነበር፤ እንግዳ ማሳደር። እጇ ሥራ እንዲይዝላት ቆርቆሮውን ራሷ አዞረች። የራሷን ጨምራ ስድስት ብጣሽ የያዘውን ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ልጇን ልታጣጥብ ወጣች። ስትመለስ ንባቡ ወደ ማለቂያው ደርሷል። ስድስቱ በቀይ ተዥጎርጉረው ተደርድረዋል። ሚስስ ዳርሊን ግን ቆርቆሮው ውስጥ እጇን ሰደደችና ሰባተኛ ብጣሽ አወጣች።

«አንድ ሌሊት እንኳ የሚያሳድረኝ ሰው የለም» አለች፤ ወረቀቱን ሳትገልጠው።

ሌሎቹ ወጥተው አስተማሪዋ ወንበሮቹን ስትሰበስብ ማሪሴላ አዲስ ብጣሽ ላይ በትልልቁ «እኛ እናሳድርሻለን» ብላ ጻፈች፤ የቤቷን ቁልፍ ጠቀለለችበትና ሚስስ ዳርሊን ቦርሳ ውስጥ ከተተችው።