የአሥራ አንድ ሰዓቱ ሐይቅ

የክልሉ ቱሪዝም ቢሮ እንደ አዲስ ከተዋቀረ ወዲህ በጀቱ የሚገኘው ነዋሪው የሚያየውን ለባሕር ማዶ ሰዎች በመሸጥ ነው። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሐይቁ ከዳር ካሉት ቤቶች ሁሉ ይሰወርና ባሕር ማዶ፣ በከፈለ ሰው መስኮት ላይ ይበራል። ዳር ላይ ለምትኖረው ለወይዘሮ ትርንጎ የሚቀርላት ነጭ ጉምና የማዕበሉ ድምፅ ብቻ ነው።

ባሏ ጥላዬ ዓሣ አጥምዶ በታንኳ የሚመለሰው በዚያው ሰዓት ነው። ድሮ ከሩቅ መቅዘፊያውን ሲያነሳላት ታይና ሽሮውን ትጥድ ነበር። አሁን በግምት ትጥዳለች፤ ወይ ያርርባታል፣ ወይ ይቀዘቅዝባታል።

ዛሬ ከቢሮው ፍሬሕይወት የምትባል ሠራተኛ መጣች።

"ሰውዬዬን እንዳላይ ከለከላችሁኝ እኮ!" አለቻት ትርንጎ።

"ይታገሡ እትዬ፤ ክሊኒኩም የሚሠራው በዚሁ ገንዘብ ነው። ደግሞ ከባሕር ማዶዎቹ ምስጋና መጥቶልዎታል።" ስልኳን አውጥታ አነበበችላት። "'ከሐይቁ ይልቅ የወደድነው በታንኳ የሚመጣውን ሽማግሌ ነው። በየቀኑ መቅዘፊያውን ከፍ አድርጎ ሰላም ይለናል።'"

ትርንጎ ወደ ሐይቁ ዞረች። ከጉሙ ውስጥ ውኃው ቀስ ብሎ ይንሾካሾካል።

"እንደማላየው እያወቀ አሁንም ያነሳልኛል?" አለች። ከዚያም ተነሥታ ወደ ነጩ ጉም እጇን አውለበለበች።