ከዝርዝሩ የቀረው በር

በሩ አልከፈት ብሏል። ጣቴን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ የበሩን አሻራ ማንበቢያ ደግሜ አስነካዋለሁ፤ አሁንም ቀይ መብራት። ከውጭ ተቆጣጣሪው ያንኳኳል።

«ቤቶች! ሰው የለም?»

«አለን! አንዴ ይታገሱን!» ትላለች አለቃችን። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በሹክሹክታ፣ «ምን አድርገሽው ነው?»

እኔማ የታዘዝኩትን ነው ያደረግኩት። ለዓመታት በነፃ ስንገለገልበት የኖርነው፣ ፕሮግራሞቻችን ያለ እሱ የማይንቀሳቀሱት የፕሮግራም መሥሪያ ፈቃዱ ተቀየረና ከዛሬ ጀምሮ ያልከፈለ እንዳይነካው ተባለ። ተቆጣጣሪው የመሥሪያው ባለቤት ኩባንያ የላከው ነው፤ አንድ ማሽን ላይ እንኳ ካገኘው ድርጅታችን ይታገዳል። ስለዚህ አርባ አንድ ፕሮግራሞቻችንን ነፃ ወደሆነ ሌላ መሥሪያ አዛወርንና ዛሬ ጠዋት አሮጌውን ከነሥሩ ነቀልኩት። በሩን ግን ማን አስታወሰው? እሱም ለካ ፕሮግራም ነው፤ የጻፍኩትም እኔው። በጣት ዘመን ቁልፍ ምን ይሠራል ብዬ ቁልፉን ያስወለቅኩትም እኔው ነኝ።

«አሮጌውን ለሁለት ደቂቃ ብቻ እንመልሰው» ይላል ባልደረባዬ። ለሁሉም ነገር «ቆይ» ስለሚል ፍሬን ነው የምንለው፤ ዛሬ ግን ፍሬኑ ተበጥሷል።

«ሰውየው ደጅ ቆሞ? ጉድ ልታፈላብን ነው?» አለቃችን ላፕቶፑን ከእጁ ትነጥቀዋለች።

እኔ ወለሉ ላይ ዘርፈጥ ብዬ የበሩን ፕሮግራም ማዛወር ጀምሬአለሁ። ላብ አጥምቆኛል። ማንኳኳቱ ግን አላቋርጥ ሲል ይወጣልኝ ብዬ እጮኻለሁ።

«ጌታዬ፣ የእናንተን መሥሪያ አጥፍተን በሩ ተቆለፈብን!»

ተቆጣጣሪው ማንኳኳቱን ያቆማል። «ሌላ ማሽን ላይስ የለም?»

«ቢኖርማ በሩን ከፍተን እንቀበልዎ ነበር!» ትላለች አለቃችን።

ከውጭ ሳቅ ይፈነዳል። «ስንት ዓመት ስቆጣጠር እንዲህ ያለ ማስረጃ አይቼ አላውቅም!» ትንሽ ቆይቶ በበሩ ሥር ወረቀት ሾልኮ ይገባል። «አልተገኘም» ይላል፤ ተፈርሞበታል። ፍሬን ወረቀቱን ይስማል። አለቃችን ወንበር ላይ ዘጭ ትላለች። እኔም አልቅሺ አልቅሺ ይለኛል፤ ግን ገና ተቆልፎብናል።

ጽፌ ስጨርስ ሩብ ሰዓት አልፏል። ጣቴን አስነካለሁ። አረንጓዴ። በሩ ቀጭ ብሎ ይከፈታል።

ተቆጣጣሪው አልሄደም። ደረጃው ላይ ቦርሳውን ታቅፎ፣ አንገቱን ወደ በሩ አስግጎ ተቀምጧል።

«ሠራ!» ይላል፣ ከሁላችን ቀድሞ።