ታላቋን የቀደመች ታናሽ

በዚያ ዘመን ሩቅ አገር በርሮ የተመለሰ ሰው በአንድ ደርሶ መልስ አንድ ዓመት ያረጃል። የሻረግ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ቢሆንም ዓርብ ከኮምቦልቻው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንደወጣች በረረችና ብራዚል ባሕር ዳር ተጋድማ ውላ፣ እሑድ ለምሳ ደረሰች። «ክሩ ተበጠሰ፣ ነይ» የሚላት ሰው የሌለበት ቅዳሜ ነበር፤ ዓመቷ ቢሄድም አልቆጫት።

እኅቷ ማንጠግቦሽ በሁለት ዓመት ትበልጣት ነበር። ይህ ግን የየሻረግ ሦስተኛ ጉዞ ነው። ምሳ ሲቀርብ እንደ ልማዷ ታላቋን ልታስታጥብ ማንቆርቆሪያውን ብታነሳ፣ ማንጠግቦሽ ነጠቀቻት።

«እጅሽን ዘርጊ። መጀመሪያ የሚታጠብ ታላቅ ነው።»

«ኧረ እትዬ፣ ነውር ነው።»

«እትዬስ እንግዲህ አንቺ ነሽ። ሽበትሽን መስታወት አላሳየሽም?»

ውኃው እጇ ላይ ሲወርድ የሻረግ አፈረችም፣ ደስም አላት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስታስታጥብ ኖራ፣ ለካ መታጠብ እንዲህ ይጥማል።

ማንጠግቦሽ ማንቆርቆሪያውን ዱብ አድርጋ አስቀመጠችው።

«የሚቀጥለው በረራ መቼ ነው?»

«የፊታችን ዓርብ። ምነው?»

«የሁለት ደርሶ መልስ ቲኬት ቁረጪልኝ። እኔ የታናሼ ታናሽ ሆኜ አልቀበርም። አንቺ ደግሞ እስክመለስ ከቤት ንቅንቅ እንዳትዪ።»