መርዶ በዘጌ መንገድ

የሻሽወርቅ ከዘጌ አቅጣጫ ዞራ ወደ ባሕር ዳር እየሮጠች ስትመለስ ጉሙ ከጣና ተነሥቶ መንገዱን ውጦታል። ፀሐይዋ ወጥታለች ይባላል እንጂ አትታይም። ሙሔ የውኃ ኮዳ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በብስክሌት ከጎኗ ይሄዳል፤ እንደ ልማዱ አፉ አያርፍም።

"ትከሻሽን ጣል አርጊው እንጂ። ምን ተሸክመሽ ነው?"

ሙሔ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ድሮ ሯጭ ነበር፤ ጉልበቱ ሲከዳው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን ሯጮች በነጻ ማሠልጠን ያዘ። የሻሽወርቅ ፋብሪካው ውስጥ ክር ክፍል ትሠራለች፤ የገና በዓል ሲያልፍ አዲስ አበባ ሄዳ የመጀመሪያዋን ማራቶን ትሮጣለች። የስፖርት ኮሚቴው ሊቀ መንበር ሩጫን ለምን እንደምትወድ ሲጠይቃት "ለአብዮታዊት እናት አገሬ" ብላ ገላገለችው። ሰውዬው ደስ ብሎት አጨበጨበላት። እውነቱን ብትነግረውማ ጸበል ውሰዷት ባለ ነበር።

እውነቱ ይኸ ነው። ታናሽ ወንድሟ አስማማው ሰሜን ጦር ግንባር ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። መርዶ ደግሞ ሥርዐት አለው፤ በማለዳ፣ ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ከቤቱ ተቀምጦ ሳለ ነው የሚነገረው። ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጅ ላይ ከታየ አለቀ። ቤቱ ያልተገኘን ሰው ግን ማን ያረዳዋል?

ስለዚህ የሻሽወርቅ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ በሯን ቆልፋ እብስ ትላለች። ከልምምድ በቀጥታ ሥራ ትገባለች። ማታ ጎረቤቷ እትዬ ሸጊቱ መሬት መሬት እያዩ፣ "ጧት መጥተን ነበር፣ አጣንሽ" ይሏታል። "ልምምድ ላይ ነበርሁ" ትልና ወደ ቤቷ ትገባለች። ለምን እንደመጡ ጠይቃ አታውቅም። ልቧ አውቆታል፤ ጆሮዋ እስካልሰማ ድረስ ግን አስማማው አለ።

አለ የምትለው እንዲያው ለመጽናናት እንዳይመስላችሁ። ይሮጣል። ከተማውን ለቃ ላቧ ጠብ ማለት ሲጀምር፣ ከኋላዋ በግራ በኩል እርምጃው ይመጣል። ቀኝ እግሩን ጎተት የሚያደርግባትን አረማመድ ከልጅነቱ ጀምራ ታውቃታለች። ስትቆም ይቆማል፤ ዞር ስትል ማንም የለም። የመጀመሪያ ቀን ሰውነቷን ውርር አድርጓት ነበር። አሁን የምትፈራው የዘገየባት እንደሆነ ነው።

ሙሔ ፍሬን ያዘ።

"የምን ሰዎች ናቸው እነዚህ?"

ከፊታቸው፣ ከመንገዱ መሀል፣ ጉሙ ውስጥ ነጫጭ ነገር ቆሟል። ሰዎች ናቸው፤ ነጠላቸው ተዘቅዝቋል። መሀላቸው ኮረኮንቹ ላይ ባዶ በርጩማ ተቀምጧል። አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ ነው፤ የራሷ በርጩማ፣ ከደጃፏ ያነሡት። እሷን ከቤቷ ቢያጧት ቤቷን ይዘውላት መጥተዋል።

አይጠሯትም፣ አይንቀሳቀሱም። የንስሐ አባቷ መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ መስቀላቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል። እትዬ ሸጊቱ በብርድ ይንቀጠቀጣሉ።

የሻሽወርቅ እግሯን አላቆመችም፤ ከቆመች አስማማው ይቆማል። ባለችበት ትረግጣለች። ከኋላዋም እርምጃው ባለበት ይረግጣል።

"በደንገሉ በኩል ቀጭን መንገድ አለች" አለ ሙሔ ዝግ ብሎ። "በዚያ እለፊ። እኔ አላየኋትም እላቸዋለሁ።"

"አይተውኛል እኮ።"

"ቢያዩሽም። ካልተቀመጥሽ አይነግሩሽም።"

እውነቱን ነው። ዛሬ ብታመልጥ ነገም ታመልጣለች፤ እግሯ እንደሆነ ጠንክሯል። ወደ ደንገሉ ልትታጠፍ ስትል ከኋላዋ የአስማማውን ትንፋሽ ሰማች። ይኸን ያህል ቀርቦ ሰምታው አታውቅም። ገመድ እንደያዘው ፈረስ በአፍንጫው ያስገባል፣ ያስወጣል፣ ያስገባል፣ ያስወጣል።

አስማማው በዕድሜው ከእሷ ኋላ ሮጦ አያውቅም። ልጅ ሆነው ውኃ ሲልኳቸው እንኳ ቀድሟት ደርሶ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ይስቅባት ነበር። እንደሱ ያለ ሯጭ ይኸን ሁሉ ጧት ከኋላዋ ሲያዘግም የከረመው ለእሷ ሲል ነው። "እኔ ነኝ የያዝሁት" አለች በልቧ።

"አይ ሙሔ፣ ይብቃኝ" አለችው።

ሄዳ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

እርምጃው አልቆመም። ኮረኮንቹን እየረገጠ መጣ፣ ደረሰባት፣ በግራ ትከሻዋ በኩል አለፈ፤ ነፋሱ አንገቷን ነካት። ሙሔ ብስክሌቱን ወደ ዳር ሳበ። ሊናገሩ አፋቸውን የከፈቱት መምሬ ለሯጭ እንደሚለቀቀው አንድ እግር ፈቀቅ አሉ፤ እትዬ ሸጊቱ የነጠላቸውን ጫፍ ሰበሰቡ። ለምን እንዳደረጉት የገባቸው አይመስሉም። ሁሉም ግን አንገታቸውን ወደ ከተማው አዙረው ቆሙ።

እርምጃው ፈጠነ። እየፈጠነ ራቀና ከጉሙ ውስጥ ጠፋ።

መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ ወደ እሷ ዞረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።