ሰርካለም ያልወደደቻቸው መኪኖች

የኤርትራ ገንዘብ ናቅፋ ገና ሳይታተም፣ ወደቧ አሰብም በብር ስትገበያይ፣ ሙባረክ የሚባል የመኪና ደላላ ነበር። የወሎ ልጅ ነው፤ አፉ አይደክምም።

በዚያ ሰሞን ግን ገበያው እንቢ አለው። ያገለገሉ መኪኖች ከጅቡቲ እያስመጣ በግቢው የሚሸጠው ጀዕፈር ጠራውና፣ «እስከ ሐሙስ አንዷን እንኳ ካላሸጥክ፣ የግቢውን ድለላ ለኑህ እሰጠዋለሁ» አለው። ኑህ ሌላው የከተማው ደላላ ነው፤ ዝምተኛ፣ ደንበኛ ግን የማያጣ። ሙባረክ ከዚያ ግቢ ሌላ እንጀራ የለውም።

ሰኞ ከሰዓት እግዜር ደንበኛ ላከለት። ንጋቱ ይባላል፤ በነዳጅ ማጣሪያው ብዙ ዘመን የበየደ፣ ቁመተ ረጅም፣ ባለ ወፍራም መነጽር። አጠገቡ ሚስቱ ሰርካለም ቆማለች፤ ከትከሻው በታች ትቀራለች።

«ትልቅም ትንሽም ያልሆነች፣ ደሴ ድረስ የምታደርሰን፣ ኪሳችንንም የማትጎዳ» አለ ንጋቱ።

«ወላሂ ጋሽ ንጋቱ፣ እርስዎን ስትጠብቅ ነው የከረመች» አለና ሙባረክ ወደ አንዲት ነጭ መኪና ወሰደው።

ንጋቱ መዳፉን ኮፈኖው ላይ አሳርፎ እስከ ኋላዋ ድረስ ዳበሳት። ሞተሩ ሲነሳ አቀርቅሮ አዳመጠ።

«አንተ ንዳት፤ እኔ ድምጿን ልስማ» አለ።

ይሄስ ነገሩ የገባው ነው፣ አለ ሙባረክ በልቡ። እስከ ወደቡ በር ወስዶ መለሳቸው። ንጋቱ ድምጿን ወደደው። ሰርካለም ግን መኪናዋ ከቆመች በኋላ ከፊት ወንበር ላይ ወጥታ ወርዳ፣ «አፍንጫዋ ረዘመ፤ መሬቱን ትጋርዳለች» አለች።

«መሬቱን ምን ያደርጉታል እትዬ? ባሕሩን እያዩ መሄድ ነው እንጂ።»

ሰርካለም ሳቀች። መኪናዋ ግን ቀረች።

በማግስቱ አረንጓዴዋን አወጣ። ንጋቱ ዳበሰ፣ አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ። ሰርካለም ደግሞ ከፊት ወንበር ላይ ወጣች።

«ወንበሯ አይንቀሳቀስም» አለች።

«ወንበር በየትኛው ቤት ነው የሚንቀሳቀስ እትዬ? የምትንቀሳቀሰው መኪናዋ ናት።»

አረንጓዴዋም ቀረች። ሙባረክ በሯን ዘግቶ ነገሩን አሰላሰለ። ባልየው ሊገዛ ነው የመጣ፤ ሴትዮዋ ግን ነገር ልታበላሽ ነው የምትመጣ። ለምን?

መልሱን ያመጣለት የግቢው ጎረቤት፣ ባለ ሱቁ ይመር ነው።

«ያቺ ሴትዮ ከኑህ ጋር ምን አላት?» አለው። «በየማለዳው በሱ መኪና በአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ሲሄዱ አያቸዋለሁ።»

«ብቻቸውን?»

«አስተግፊሩላህ። የኑህ ሚስት ዓፋፍም አብራ ናት። ግን አካሄዳቸው ቀስ ያለ ነው፤ በግመል የሚበለጡ። ምክር የያዙ ይመስላሉ።»

ለሙባረክ ይህ በቃው። ኑህ ሴትዮዋን በጁ አድርጓታል፤ ሐሙስ ያልፋል፤ ግቢው ይሄዳል።

ረቡዕ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጠበቀ። ንጋቱ ከጸሎት ሲወጣ፣ ሰርካለም ክንዱን ይዛው ደረጃውን ወረዱ። እሷ ከጎረቤት ጋር ሰላምታ ስትለዋወጥ ሙባረክ ጠጋ አለው።

«ጋሽ ንጋቱ፣ ነገ ብቻዎን ይምጡ። መኪና የወንድ ጉዳይ ነው።»

ንጋቱ ፈገግ አለ። «ያለ እሷማ የትም አልሄድ።»

ሙባረክ አዘነለት። ይህን የሚያህል ወንድ፣ ይቺን ለምታህል ሴት ሲታዘዝ!

ሐሙስ ደረሰ። ሳያሳያቸው የቀረችው አንዲት አመድማ ፓጄሮ ናት። የቀድሞ ባለቤቷ አጭር ሰው ነበር፤ የፊት ወንበሯ ወደፊት ተገፍቶ፣ ከላዩ የተቀደደ ትራስ ተጥሎበታል። ሙባረክ አፈረባት። ለንጋቱ ረጅም እግር እንዲመች ወንበሩን ወደኋላ ገፋና ትራሱን ግድግዳ ስር ወረወረው።

እንደ ልማዳቸው መጡ። ንጋቱ መኪናዋን ሲዳብስ፣ ሙባረክ ሰርካለምን ወደ ጥላው ሳባት።

«እትዬ፣ ኑህ ምን እንደሰጠዎት አላውቅም። እኔም ግን የልጆች አባት ነኝ።»

ሰርካለም ግራ ገብቷት አየችው። «ኑህ? እኛ ነን እንጂ ለሱ የምንሰጠው።»

ሙባረክ በልቡ ደመደመ፤ ድለላውን ከወዲሁ ከፍለውታል ማለት ነው። አበቃ።

ሰርካለም ከፊት ወንበር ላይ ወጣች። ወንበሩን ወደፊት ሳበች፤ እሺ ብሎ መጣ። አንገቷን መዘዝ አድርጋ አየች። ከዚያ ግድግዳ ስር ያለውን በጣቷ አሳየች።

«ያ ትራስ አብሮ ይሸጣል?»

«ይውሰዱት እትዬ። በነጻ።»

«እንግዲያው ይቺ ናት።»

«ይቺ ናት ካለች ይቺ ናት» አለ ንጋቱ።

ሙባረክ ጆሮውን ተጠራጠረ። የሰው የስንት ዓመት ጥሪት በትራስ ተወሰነ! አልሐምዱሊላህ፣ ሴት የምትወደውን ማን ያውቃል። ዋጋው ብዙ ሳያከራክር ተቋጨ፤ ጀዕፈርም ከቢሮው ብቅ ብሎ «ግቢው ያንተው ነው» አለው።

ደስታው ያሰከረው ሙባረክ ቁልፉን በሁለት እጁ ለንጋቱ አቀበለ። ሮጦም በመሪው በኩል ያለውን በር ከፈተለት።

«ይግቡ ጋሽ ንጋቱ። የሰላም መንገድ ያድርግልዎ።»

ንጋቱ መረቀው፤ ቁልፉን ለሰርካለም ሰጠ፤ ቆርቆሮውን እየዳበሰ ዞሮ በወዲያኛው በር ገባና አማተበ፤ እሷም ቀሚሷን ሰብስባ ከመሪው ኋላ ተቀመጠችና ኑህ በየማለዳው እንዳስተማራት ሞተሩን አስነሳች።