ሻጋታ የሸተተው ጠርሙስ

ወንድምህን በሰው ፊት ለማዋረድ ጠርሙስ መርጠህ ታውቃለህ?

የወንድሜ ትልቁ ልጅ መርጧል...

እሁድ ምሳ ሰዓት ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች በጋራ በከፈቱት የሰፈር ምግብ ቤት ተቀምጫለሁ።

ወንበሮቹ እርስ በርስ አይመሳሰሉም። ደንበኛው በነጠላ ጫማ ይመጣል። የወይን ዝርዝሩ ግን ትልልቅ ሆቴሎችን ያስቀናል።

ያንን ዝርዝር ጠርሙስ በጠርሙስ ያሰባሰበው ትንሹ ነው። ትልቁ ግዢውን ይይዛል። የትልቁ ሚስት፣ የትንሹ ዋርሳ፣ ኩሽናውን ትመራለች።

ትልቁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አክስቴ፣ ዛሬ ምስክር ትሆኚኛለሽ። ይሄ ልጅ ከዚያ ጉንፋን ወዲህ አፍንጫው ሞቷል። ማሽተት አይችልም። ደብቆናል።»

«ታዲያ ለብቻው አትጠይቀውም?»

«ብጠይቀው ይክዳል። በደንበኞቹ ፊት ይታይ።»

ለምን እንደቸኮለ አውቃለሁ። ወይኑን አስወጥቶ ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን ሊሰቅልና ቤቱን ኳስ ማያ ሊያደርገው ይፈልጋል። እንቢ የሚለው ትንሹ ነው።

ተው አልኩት። አልሰማኝም።

በምድር ላይ የመጀመሪያዎቹም ወንድማማቾች ሁለት ነበሩ... አንዱ አንዱን ቀበረው።

ወይኑ የሚቀመጥበት ምድር ቤት ውሃ በገባው ጊዜ አንድ ካርቶን ወይን ሻግቶ ነበር። ከዚያ የተከፈተው ሁሉ የረጠበ ካርቶን ስለሚሸት፣ የቀረው ለአከፋፋዩ ሊመለስ ተለይቶ ተቀምጧል።

ትልቁ ከዚያ ካርቶን ሁለት ጠርሙስ አወጣ። ስማቸው እንዳይታይ በፎጣ ጠቀለላቸው።

ከዚያ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ...

«ወንድሜ፣ ዛሬ ስሙን ሳታይ ቅዳልን። ለእንግዳ የሚሆን ከሆነ ትቀዳለህ፤ ካልሆነ ትመልሰዋለህ። ከተሳሳትክ ግን ከነገ ጀምሮ ወይኑን ለሌላ ታስረክባለህ።»

ደንበኞቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

ትንሹ አልሳቀም።

እንደ ልማዱ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ኩሽናው መስኮት ሄደ። ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚከፍተው። ለራሱ ትንሽ ቀድቶ፣ አሽትቶና ቀምሶ ነው ወደ እንግዳ የሚያመጣው።

ቡሹን ነቀለ። ዋርሳው በመስኮቱ እጇን ዘረጋች።

«ለስጎዬ ጠብ ላድርግበት፣ አምጣው እስኪ።»

ሰጣት...

ጠርሙሱ ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ።

«ይኸው፣ ዛሬም» አለ ባሏ። «የዚህች ሴት እጅ ሳሙና ነው። ስንቱን ጠርሙስ ፈጀችው።»

«አንተን ከያዝኩ ወዲህ ነው የሚያዳልጠኝ» አለች።

ደንበኞቹ በሳቅ ወደቁ። እሱ ግን ሁለተኛውን ጠርሙስ ራሱ ከፈተና በሚስቱና በወንድሙ መሀል ቆሞ ቀዳ።

ትንሹ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

ጠበቀ።

እንደገና አስጠጋ...

ፊቱን አየሁት። በጨለማ ክፍል ግድግዳ እየዳበሰ ማብሪያውን ያጣ ሰው ይመስል ነበር።

«እ? ይቀዳ ወይስ ይመለስ?» አለ ትልቁ።

ትንሹ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አላውቅም» አለ ቀስ ብሎ። «ከታመምኩ ወዲህ ምንም አይሸተኝም።»

«ሰማችሁ?» አለ ትልቁ ወደ ደንበኞቹ ዞሮ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ሳያውቀው ሲያጠጣችሁ ኖሯል።»

ጎረቤት ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ ሹካውን አስቀመጠ።

«ቆይ እንጂ... እኔ ከዚህ ቤት ጠፍቼ አላውቅም። አንድም የተበላሸ ጠጥቼ አላውቅም። እንዴት ሆኖ?»



ዋርሳው እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከኩሽናው ወጣች።

«እኔ ልንገራችሁ። ከእጄ የወደቁት ጠርሙሶች ሁሉ... የተበላሹት ናቸው።»

ትንሹ ዞሮ አያት።

«ሽንኩርት ከአጠገብህ አርሮ ዘወር ያላልክ ዕለት አወቅሁ» አለችው። «ከዚያ ወዲህ እኔ ሳላሸተው ከዚህ መስኮት የወጣ ጠርሙስ የለም። ደህና ከሆነ ለስጎዬ ጠብ አድርጌ እመልስልሃለሁ። ካልሆነ... ያዳልጠኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም? አፍንጫህ እስኪመለስ በኔው ይሂድ ብዬ ነው።»

«እኔስ?» አለ ባሏ። «እጅሽን ስሰድብ እንኳ ዝም አልሽኝ?»

«ብነግርህ፣ የዛሬውን ያኔ ታደርገው ነበር።»

ሊናገር አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«እሱ ከወጣ ምድጃዬን አጥፍቼ እከተለዋለሁ። ያኔ ቴሌቪዥኑን ጠብሰህ አብላቸው።»

ልብስ ሰፊው ጣልቃ ገባ። «እኔም ለአፍንጫው ብዬ አይደለም የምመጣው። ገና ከበሩ ፊቴን አይቶ የቱ ጠርሙስ እንደሚያሻኝ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።»

ትልቁ ሰዉን አንድ በአንድ አየ። ከጎኑ የቆመ አላገኘም።

«እሺ... ይቆይ» አለ።

እፎይ አልኩ። እግዜር ያውቃል፣ ከዚያች ቃል በፊት እየተነፈስኩ መሆኔን እንጃ።

ትንሹ ወንበር ስቦ ቁጭ አለ። ትከሻው ወረደ። የሚደብቀው ያለቀለት ሰው እንደዚያ ነው የሚቀመጠው።

ዋርሳው ሌላ ጠርሙስ አሸተተችና «ቅዳ» አለችው። ቀዳ። ሰው ሁሉ ባንዴ ማውራት ጀመረ። በየአገሩ ብቻዬን ብዙ ምሳ በልቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን የጣመኝ የለም።

አሁን በግልጽ እሷ ታሸታለች፣ እሱ ይመርጣል።

ትምህርቱ ይህ ነው... ጉድለትህን የሚያውቅ ሁሉ ጠላትህ አይደለም። አንዱ አደባባይ ሊያወጣው ያውቀዋል፤ ሌላው ስሙ እየጠፋም ቢሆን ሊሸፍንልህ ያውቀዋል። ማን የቱ እንደሆነ ሳትለይ አታምርር።

ትንሹ ወንድሙን በማግስቱ ይቅር አለው። ትልቁ ወደ እኔም መጣ።

«አክስቴ፣ ተው ስትዪኝ ስላልሰማሁሽ፣ ምስክርም ላደርግሽ ስለሞከርኩ ይቅር በይኝ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።

«የወንድምሽ ልጅ ነው፣ ሥጋሽ ነው» የምትሉኝ እንደምትበዙ አውቃለሁ።

እኔ ይቅር አላልኩትም። ከሱ በፊት የበደሉኝንም አላልኩም። ማንንም አልልም።